ገና አልሠራም

በሕንፃው ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቹ ጋሼ ጆሮ ይሉታል። ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ እንኳ ትልቁን ጥቁር ማዳመጫ ከአንገቱ ስለማያወርደው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህ ስም እንደወጣለት ራሱ ያወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንዲት ጎረቤቱ ደረጃው ላይ ልጇን "ለጋሼ ጆሮ መንገድ ልቀቂለት" ስትል ሰምቶ ነው። ቅር አላለውም። ስም የሚወጣለት ሰው ቢያንስ የታየ ሰው ነው ብሎ እንዲያውም ደስ አለው።

ሥራው የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። የፍርድ ቤት ክርክር፣ የስብሰባ ጭቅጭቅ፣ የምስክር ቃል፣ ምኑ ቅጡ፣ ቢሮው በኢንተርኔት ይልክለታል፤ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ እየሰማ ይጽፋል። ከጠረጴዛው ሥር፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና፣ የእግር ፔዳል አለው። ሲረግጠው ድምፁ ይሄዳል፣ ሲለቀው ይቆማል፣ በተረከዙ ጫን ሲለው ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ሰዎች ጆሮው ውስጥ ይምላሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይታረቃሉ፣ ያለቅሳሉ። እሱን የሚያናግር ግን ከመሃላቸው አንድም የለም። ምሳ ሊበላ ማዳመጫውን ሲያወልቅ የቤቱ ጸጥታ ጆሮውን ያሳክከዋል። ዳቦ ቤት ገብቶ "ሁለት" ከማለት በቀር የገዛ ድምፁን ሳይሰማ የሚያልፍ ሳምንት ነበረው።

ፔዳሉ፣ ሰፊው ኪቦርድ፣ ፕሪንተሩና የቆዩ ሥራዎቹ የተጠራቀሙበት ሃርድ ዲስክ ሁሉም የሚሰኩት አንዲት ጥቁር ማከፋፈያ ላይ ነው። የሳሙና ማስቀመጫ ብታክል ነው፤ አራት ጠፍጣፋ ቀዳዳ አላት፣ ከጀርባዋ በሚወጣ አንድ ገመድ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ጋር ትገናኛለች። ገዝቶ የገጣጠመለት ታናሽ ወንድሙ ነበር፣ አብረው ይኖሩ በነበረበት ጊዜ። ወጥ ቤቱ የታላቅየው፣ ገመዱ የታናሽየው ነበር። ታናሽየው አግብቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ገመዶቹ እንደነበሩ ቀሩ፤ ጋሼ ጆሮም አንድ ቀን ሳይነካቸው ኖረ። የሚሠራን ነገር መነካካት ትርፉ ማበላሸት ነው ይል ነበር።

አሮጌው ላፕቶፑ አንድ ሐሙስ ከቀረው ቆይቷል። ሲበራ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል፣ ሲሞቅ ይተኛል። አንድ ቀን ከተኛበት ሳይነሳ ቀረ። ቢሮው አዲስ ላከለት። ስስ ነው፣ ቀላል ነው፣ ድምፅ የሚባል የለውም። ጋሼ ጆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የማከፋፈያዋን ገመድ ይዞ ቀዳዳ ፍለጋ ዙሪያውን ዞረ። ያገኘው የሸሚዝ ቁልፍ ማስገቢያ የመሰሉ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ብቻ ነው፤ አንዱ ለቻርጀሩ ነው። የማከፋፈያዋ ራስ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። አዟዙሮ ሞከረው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከታቸው፤ ቋንቋ ለቋንቋ የማይግባቡ እንግዶች ቤቱ የመጡበት ያህል ተሰማው።

ወንድሙ ጋ ደወለ። ወንድሙ መንገድ ላይ ነበር፣ ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

"አሁንም ያቺን ማከፋፈያ ይዘሃል እንዴ? አዲስ ግዛና ተገላገል እንጂ ወንድሜ።"

"ምን ዓይነት ልግዛ?"

"ሱቅ ስትሄድ ያሳዩሃል። ሌላ የጎደለህ ነገር አለ?"

"ምንም።"

"በል ደህና ሁን፣ እየነዳሁ ነው።"

ማከፋፈያዋን በፌስታል ይዞ የኮምፒዩተር ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። ሻጩ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ ከፌስታሉ አውጥቶ አገላበጣትና "ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ያስቀምጧት፤ ለልጅ ልጆችዎ ታሪክ ይነግሩባታል" አለው።

"ልጅ የለኝም" አለ ጋሼ ጆሮ።

ሻጩ ሳቁን ዋጠው። አዲሶቹን ማከፋፈያዎች አወጣለት፤ አብዛኛው ቀዳዳቸው ያው ጠባቡ ዓይነት ነው፣ ጠፍጣፋ ያላቸው አንድ ወይ ሁለት ብቻ ነው፤ የእሱ አራት ገመድ ደግሞ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው። በመጨረሻ ሻጩ ከመሳቢያው አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል መቀየሪያ አወጣ። በአንድ በኩል ጠባብ ራስ አላት፣ በሌላ በኩል ሰፊ ቀዳዳ። "እሷን ይሞክሯት" አለው፤ ይህን ሲል ድምፁ ቅድም ከነበረው ለስለስ ብሎ ነበር።

ቤቱ ገብቶ ሰካት። ኪቦርዱ ሠራ። ፔዳሉም ሠራ። ደስ ብሎት ሃርድ ዲስኩን ሲጨምር ግን ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለና ኪቦርዱም ፔዳሉም አብረው ጠፉ። ነቅሎ ሰካ፣ ያው ነው። ሰልፍ ይዘው የሚገቡ ሰዎች መሃል አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ተያይዘው እንደሚወድቁት ማለት ነው። ይኸኔ ነው የቢሮውን የቴክኒክ ክፍል ስልክ ቁጥር የፈለገው።

ያነሳችው ሴት ናት። ድምፅ መለየት ሥራው ስለሆነ ገና "ሃሎ" ስትል፣ የደከማት ግን ያልተሰላቸች ሰው መሆኗን አወቀ።

"ምን ልታዘዝ?"

"እንዴት ነዎት እኅቴ፣ አዲሱ ላፕቶፕና አሮጌው ማከፋፈያዬ አልተስማሙም።"

"ኧረ አንቱ አይበሉኝ፣ ልጅዎ ልሆን እችላለሁ። ስንት ዕቃ ነው የሰኩባት?"

"አራት።"

"እንግዲያው ርቧት ነው" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ማከፋፈያዋ ርቧታል። ኃይል የምታገኘው ከላፕቶፑ ነው፤ ከዚያ ላይ ለአራቱ ታካፍላለች። ዲስኩ ሆዳም ነው፣ እሱ ሲመጣ ለሌሎቹ አይተርፋቸውም። ከጎኗ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለች?"

መነጽሩን አድርጎ አየ። አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አይቷት አያውቅም።

"እሷ የራሷ መመገቢያ ናት። ልኳ የሆነ ቻርጀር ይፈልጉላት። ግን ላዩ ላይ አምስት ቮልት የሚል ካልሆነ እንዳይሰኩ፤ የሰኩባትን ሁሉ ይዛ ትሞታለች።"

"ለቀብሯስ ማን ይመጣል?" አለ ጋሼ ጆሮ፤ ከየት እንደመጣለት አያውቅም።

ሴትዮዋ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሳቁ ከጉሮሮው ሲወጣ የሌላ ሰው ሳቅ መሰለው። ነገ ደውላ እንደምትጠይቀው ነገረችውና ስልኩ ተዘጋ።

የቻርጀር ሳጥን ነበረው፤ የሞቱ ስልኮችና የተጣሉ ሬዲዮኖች ውርስ ነው። አንድ በአንድ እያወጣ ጽሑፋቸውን ሲያነብ ቆየና አምስት ቮልት የሚል አገኘ። ሰካው። ማከፋፈያዋ ላይ፣ በስንት ዘመኗ አይቶት የማያውቀው አረንጓዴ መብራት በራ። ዲስኩ ተሽከረከረ፣ ኪቦርዱም አልጠፋም። ፔዳሉን ሲረግጠው አንድ ምስክር ካቆመበት ቦታ ንግግሩን ቀጠለ። ጋሼ ጆሮ "አየህ?" ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ዞሮ ያየው የመጋረጃውን እጥፋት ነው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ እንዳለችው ደወለች።

"እህ ጋሼ፣ እንዴት ሆነልዎ?"

አፉን ሲከፍት ሊል የፈለገው "ሠራ፣ እግዜር ይስጥሽ" ነበር። ምላሱ ቀደመው።

"ገና አልሠራም።"

"አይ ጋሼ። ቻርጀር አጡ?"

"አጣሁ" አለ። አረንጓዴው መብራት ፊት ለፊቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ውሸቱ የራሱን መንገድ ያዘ። ሴትዮዋ በየቀኑ ደወለች። መቀየሪያዋን ነቅለው ይስኩ አለችው፤ "ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ያው ነው" አለ። ዲስኩን ለብቻው ይሞክሩ አለችው፤ "አልሆነም" አለ። ከዚህ ሁሉ መሃል ወሬ ገባ። ምን እንደሚሰማ ጠየቀችው፤ የሚዋሽ ሰው ከመዋሸቱ በፊት አየር ሳብ እንደሚያደርግ ነገራት፤ እሷም "እንግዲያው እርስዎን ማታለል አይቻልም" አለች፤ እሱም ያን ጊዜ አየር ሳብ ማድረጉን ስልኩ አሰምቷት እንደሆን ፈራ። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስድብ ስትቀበል እንደምትውል አጫወተችው። ሰው ስልክ የሚደውልላት ኮምፒዩተሩን ሊሰብረው ሲል ነው። "ደህና ዋልሽ የሚለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለችው። ያን ቃል ይዞት ዋለ። ጠዋት ጠዋት ፂሙን መላጨት ጀመረ፤ በስልክ የሚታይ ይመስል።

ሴትዮዋ ግን ስለ አሮጌ ማከፋፈያዎች ስታነብ ማምሸቷን፣ መጋዘን ድረስ ወርዳ ቻርጀር ስትፈልግለት መዋሏን ስትነግረው አረንጓዴውን መብራት በመዳፉ ይሸፍናል። ዛሬስ እነግራታለሁ ብሎ ይነሳል። ድምፅዋን ሲሰማ ደግሞ፣ ከነገርኳት በኋላ ነገ ምን ብላ ትደውላለች ይላል። የተበላሸ ነገር ከሌለ ማን ለማን ይደውላል?

አንድ ቀን "ነገ እርስዎ ሰፈር የሚጠገን ፕሪንተር አለ" አለችው። "ጎራ ብዬ በዓይኔ አያታለሁ።"

"አትቸገሪ" አለ።

"ምን ችግር አለ? ይቺ ማከፋፈያ እኮ በደለችዎት፤ ልገላግልዎት።"

ስልኩ እንደተዘጋ ቤቱን ጠረገ። ጠረጴዛው ጋ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ ወንድሙ ይቀመጥበት የነበረውን ሌላውን ከበረንዳ አምጥቶ አቧራውን አራገፈ። በማግስቱ፣ የምትመጣበት ሰዓት ሲቃረብ፣ የማከፋፈያዋን ቻርጀር ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ጋሼ ጆሮ መሳቢያውን እያየ ቆመ። ዕድሜ ልኩን የሰው ውሸት ሲጽፍ ኖሮ አሁን ማስረጃ ሲደብቅ ራሱን አገኘው። አወጣና መልሶ ሰካው።

በሩ ተንኳኳ። የመጣችው ሴት እንደ ድምፅዋ ወጣት አልነበረችም። ወፈር ያለች፣ ደረጃው ያስተነፈሳት፣ የመሣሪያ ቦርሳ ያነገበች ሴት ናት። ሰላም ብላው ገብታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴው መብራት ይበራል። አየችው። ቦርሳዋን ግን አልከፈተችም።

"ውኃ ልስጥሽ?"

"ይስጡኝ።"

ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠችና "አለቃዎን ትናንት አገኘሁት" አለች። "የእርስዎ ነገር ዘገየ፣ ሥራው ተስተጓጎለበት አይደል ብዬ ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። 'የምን መስተጓጎል? ከወትሮው ቀድሞ እየላከ ነው' አለኝ።"

ጋሼ ጆሮ ባዶውን ብርጭቆ ከጠረጴዛው አነሳ።

"ማታውኑ ገባኝ" አለች። "ግን መጣሁ።"

"ለምን መጣሽ?"

"ተናድጄ። እኔ እኮ የምገመገመው ችግር በመፍታት ነው ጋሼ። እርስዎ እንዳልተፈታ ችግር አንገቴ ላይ ተንጠልጥለው ሰነበቱ። መጋዘን ውስጥ ሳስነጥስ የዋልኩት ምን ለማግኘት ነው?" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ያደረገች ቢሆን ይቀለው ነበር። "ለምን እንዲህ አደረጉ?"

ከኋላው ያለውን ግድግዳ ተደገፈ።

"ሠራ ካልኩሽ አትደውዪማ።"

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። ቤቱን አየች፤ አንዱን ሰሃን፣ አንዱን ብርጭቆ፣ መስኮቱ ሥር የተዘረጋውን አንድ ሸሚዝ።

"ታዲያ እንዲያው በግልጽ ቢነግሩኝስ?"

"ምን ብዬ? ብቻዬን ነኝና እየደወልሽ አጫውቺኝ ልበል?"

አሰበች። "አይባልም" አለች።

"አይባልም።"

እሷ ተነስታ ቦርሳዋን አነገተች። በሩ ላይ ሲደርሱ ይቅርታ ጠየቃት፤ አንገቱን ደፍቶ፣ በሙሉ ልቡ። እሷም "ይሁን" አለች። ይሁን የሚለው ቃል በስንት ዓይነት ድምፅ እንደሚነገር ጋሼ ጆሮ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይህ ከይቅርታ ትንሽ ያነሰው ዓይነት ነበር። ደረጃውን ስትወርድ እግሯን ሰማ፤ ከዚያ የታችኛው በር ተዘጋ።

ስልኩ ዝም አለ። እሱም ወደ ሥራው ገባ። ፂሙን መላጨት ተወ፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተወ። ሁለተኛውን ወንበር ግን ወደ በረንዳ አልመለሰውም። ምሳውን ሲበላ ፊት ለፊቱ ይሆናል።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸና ሲያነሳው እሷ ናት። ሰላምታዋ አጭር ነበር።

"ጋሼ፣ ቢሮው ለሁሉም ጸሐፊ አዲስ ላፕቶፕ እየላከ ነው። ሁሉም እንደ እርስዎ አሮጌ ማከፋፈያና አሮጌ ፔዳል አላቸው፣ እኔን ደግሞ ስልክ ሊገድለኝ ነው። እርስዎ ነገሩን ያውቁታል። ቁጥርዎን ልስጣቸው?"

"ስጪያቸው" አለ፣ ሳያስብ።

"ሲሠራ ግን ሠራ ይባላል።"

"ሠራ ይባላል።"

መጀመሪያ የደወለው ሰውዬ ቁጡ ነበር። ጋሼ ጆሮ ስለ ክቧ ቀዳዳ አስረድቶ ሳይጨርስ ሰውዬው "በራ፣ በራ" አለና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ሌላው ደግሞ እያዛጋ ሰማውና ለልጄ አሳያታለሁ ብሎ ተሰናበተ። ጋሼ ጆሮ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ስልኩን ይዞ ትንሽ ይቀመጣል፤ ከዚያ ማዳመጫውን ያደርጋል።

ከዚያ አንዲት ሴት ደወለች። ሐኪሞች በድምፅ የሚተዉትን የምርመራ ውጤት የምትገለብጥ ናት፤ ድምፅዋ ሻከር ያለ፣ በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማትርቅ።

"ቴክኒሻኑ ነዎት?" አለችው።

አይደለሁም ማለቱ ነገር ማርዘም ሆነበትና "አቤት" አለ።

የቻርጀር ካርቶን ይዛ ወለል ላይ እንደተቀመጠች ነገረችው። የሞተው ባሏ ምንም ነገር አይጥልም ነበር። አንድ በአንድ እያወጣች አነበበችለት።

"ዘጠኝ ይላል።"

"አይሆንም።"

"አሥራ ሁለት።"

"እሱማ በአንዴ ይደፋታል።"

"ይሄኛውስ የምን እንደሆነ እንጃ። የፂም መላጫው መሰለኝ።" ዝም አለች። ጋሼ ጆሮም ጠበቃት፤ ሰው ዝም ሲል መጠበቅ ያውቅበታል። "አምስት ይላል" አለች በመጨረሻ።

"ይስኩት።"

ስትሰካ ሰማ። ከዚያ ዲስኩ በስልኩ ውስጥ ሲሽከረከር ሰማ፤ ከዚያ ደግሞ፣ ፔዳሏን ረግጣ ኖሮ፣ የአንድ ሐኪም ድምፅ ስለ አንድ ሰው ሳንባ መናገር ጀመረና ተቋረጠ።

"ሠራ" አለች።

"ሠራ" አለ። "እንግዲህ ከተበላሸ ይደውሉልኝ።"

"ካልተበላሸስ?"

ቀልዷን ነበር፤ ለቀልድ መልስ ማዘጋጀት ግን ከተወ ቆይቷል። መልሱን ሲፈልግ ጊዜ ሄደ፤ እሷ "በሉ፣ ከሥራ አላስፈታዎት" አለችና ተሰናበተች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን ማለት እንደነበረበት መጣለት። ሲያንጎራጉረው ዋለ።

በዚያ ሳምንት አልደወለችም። በሚቀጥለውም አልደወለችም። ማከፋፈያዋ ደህና ሆና ነው ማለት ነው አለ ለራሱ፤ ይህ ደግሞ ደስ ሊለው የሚገባ ነገር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቁጥሯን ፈልጎ ደወለ። ብዙ ጠራ። ሊዘጋው ሲል አነሳችው።

"ቴክኒሻኑ? ምን ተገኘ?"

"ቴክኒሻን አይደለሁም" አለ። "እንደ እርስዎው ጸሐፊ ነኝ። የተበላሸ ነገርም የለም። ብቻዬን ነው የምሠራውና፣ ደህና አደሩ ልልዎት ነው።"

በወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲሳብ ሰማ፤ ሴትዮዋ እየተቀመጠች ነበር።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። "እርስዎስ እንዴት አደሩ?"